ማህበራችን ከልብስ አምራች ጋር ተዋውሎ «ማስካችሁን ቀይሩ» አለን፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሆምፕሌት_አሌክሳንድሪያ (ክር ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ አብዛኛው ጨዋታ የእግር ኳስ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አሜሪካ ውስጥ ቤዝቦል የምትዳኙ ወንድሞችና እህቶች እንዳላችሁ ካለፈው ክረምት ክር አይቻለሁና ምክር ፈልጌ መጣሁ።

ቨርጂኒያ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንና የታዳጊዎችን ጨዋታ መዳኘት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት የዳኞች ማህበራችን ደብዳቤ ላከልን። ከአንድ የስፖርት ልብስ አምራች ጋር የ3 ዓመት ውል ተፈራርመዋል። ሸሚዝና ኮፍያ በነጻ ይሰጠናል፣ ጃኬትና ሱሪ በቅናሽ እናገኛለን፣ ለስልጠናም ገንዘብ ይገባል። እስከዚህ ድረስ እሰየው ብያለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን «ሜዳ ላይ የሚታይ ማንኛውም ዕቃ የስፖንሰሩ ምርት መሆን አለበት» ይላል። ከሚታዩት ዕቃዎች ውስጥ ማስክ (ፊታችንን ከኳስ የሚከላከለው ሽቦና ፓድ) እና ጫማ ተጠቅሰዋል።

ጭንቀቴ ማስኩ ነው። የዛሬ 4 ዓመት ተራ የብረት ማስክ ለብሼ ሳለሁ አንድ ፋውል ቲፕ (የመቺው ዱላ ጫፏን ብቻ ነክቶ ያሳለፋት ኳስ) ግንባሬ ላይ አረፈ። ጨዋታውን ጨርሼ መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ቁልፉን የት እንደምሰካው ጠፋኝ። እጄ ላይ ይዤው ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ብርሃን አስጠላኝ፣ ልጆቼ ሲንጫጩ ክፍል ዘግቼ ተኛሁ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አጠራቅሜ በሽቦውና በፓዱ መካከል ስፕሪንግ ያለውን ማስክ ገዛሁ። ባለፈው ግንቦት ደግሞ አንድ የ17 ዓመት ልጅ የወረወራትን ኳስ ባተሩ (መቺው) ጫፏን ብቻ ነካት፤ አቅጣጫዋን ቀይራ አገጬ ላይ መጣች። ሽቦው ወደ ውስጥ ገፋ ብሎ ሲመለስ ጉንጬ ላይ ተሰማኝ። ካቸሩ (ከባተሩ ጀርባ፣ ከፊቴ ሆኖ ኳስ የሚይዘው ተጫዋች) ዞሮ «ደህና ነህ?» አለኝ። ደህና ነበርኩ። ስንተኛ ስትራይክ (ለወርዋሪው የሚቆጠር ውርወራ) ላይ እንደነበርን እንኳን አልጠፋኝም።

ስፖንሰሩ የሚያቀርበውን ማስክ ስብሰባ ላይ ሞከርኩት። ፓዱ ስስ ነው፣ ጆሮ ግንዴ አካባቢም ክፍተት ይተዋል። ባልለብሰው ምን ይመጣብኛል? ምደባ ይከለክሉኛል? እንደዚህ ዓይነት ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

አትላንታ_ነባር

ወንድሜ እንኳን ተረፍክ። እኔ 26 ዓመት ከካቸር ጀርባ ቆሜያለሁ፤ አሁን ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ወጣቶችን ነው የማሰለጥነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። የአምፓየርን (የቤዝቦል ዳኛን) ዕቃ ሌላ ሰው ሲመርጥለት አዲስ አይደለም። ድሮ ሁለቱ ትልልቅ ሊጎች ለየብቻ ዳኛ ሲቀጥሩ፣ የአሜሪካን ሊግ አምፓየሮች ከልብስ ውጪ በእጅ የሚያዝ፣ እንደ ፍራሽ የተነፋ ትልቅ የደረት መከላከያ ነበር የሚይዙት። የናሽናል ሊጎቹ ደግሞ ከሸሚዝ ስር የሚለበሰውን ነው የሚያደርጉት። ይሄ የመልክ ልዩነት ብቻ እንዳይመስልህ። ትልቁን የያዘ ሰው ዝቅ ብሎ በካቸሩና በባተሩ መካከል መግባት ስለማይችል በካቸሩ ራስ ላይ አሻግሮ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ከፍ ያለውን ኳስ ስትራይክ ይላል፣ ዝቅ ያለውን አጥርቶ አያይም። ከስር የለበሰው ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ስለሚጠጋ የታችኛው ይታየዋል። አንድ ዕቃ የሁለት ሊግ ስትራይክ ዞን (ኳስ ስትራይክ የሚባልበትን ቦታ) ለየ ማለት ነው! በ1977 የአሜሪካን ሊግ አዲስ የሚገቡት ሁሉ ከስር የሚለበሰውን እንዲያደርጉ ወሰነ፤ ነባሮቹ ግን በለመዱት እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። የመጨረሻው ባለ ትልቁ መከላከያ ጄሪ ኑዴከር በ1985 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ይዞት ሰርቷል። ሊጉ እንኳን ሰውየው ሰውነቱን ያስለመደበትን ዕቃ ከእጁ አልነጠቀውም። ያንተ ማህበር ይሄን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ጥሩ ዕቃ ከየት መጣ ብለህ ብትጠይቅ ከተመታ ሰው ነው። በ1976 የዶጀርስ ካቸር ስቲቭ ዬገር ተራውን ሲጠብቅ የተሰበረ ዱላ ስንጣሪ አንገቱ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የቡድኑ ወጌሻ ቢል ቡለር ከማስኩ ስር የሚንጠለጠለውን የጉሮሮ መከላከያ ሰራለት። በ1996 የቶሮንቶው ካቸር ቻርሊ ኦብራየን የሆኪ በረኞችን አይቶ ጭንቅላትን ዙሪያውን የሚሸፍነውን ማስክ ቤዝቦል ውስጥ አስገባ። ዛሬ በየሜዳው የምታየው ዌስት ቬስት የሚባለው የደረት መከላከያ በአምፓየሩ በጆ ዌስት ስም የተጠራ፣ እሱ ራሱ የነደፈው ነው። ጆ ዌስት በ2021 ስራ ሲያቆም 5,460 ጨዋታ ዳኝቶ ነበር፤ ከሱ በላይ የዳኘ የለም። ያንተም ባለ ስፕሪንግ ማስክ የማስበው ዓይነት ከሆነ፣ ኩባንያውን የመሰረተው በታችኛው ሊግ ይዳኝ የነበረ ሰው ነው።

ደረቱ ላይ በኳስ የተመታ ሰው የሚያውቀውን ያህል የኩባንያ የገበያ ክፍል አያውቅም። ምርጫው ከዳኛው እጅ ከወጣ ይሄ እውቀት ይደርቃል ብዬ እሰጋለሁ።

ፒያሳ_ልጅ

ቤዝቦል ብዙም አይገባኝም፤ አዲስ አበባ ሆኜ ነው የማነበው። እኔ በክፍለ ከተማ ደረጃ እግር ኳስ እዳኛለሁ። የፊፋ ዳኞች የሚለብሱት አዲዳስ ነው፤ የኛው ባምላክ ተሰማም በ2018 ሩሲያ ላይ ያንኑ ነው የለበሰው። ማንም ሲያማርር አልሰማሁም። ከዚህ ምን ይለየዋል? ለማወቅ ነው እንጂ ለመከራከር አይደለም።

ሆምፕሌት_አሌክሳንድሪያ

ጥያቄህ ጥሩ ነው ወንድሜ። እግር ኳስ ዳኛ ከኳሱ ይሸሻል። ቤዝቦል ውስጥ ዋናው ዳኛ ኳሱ የሚመጣበት መስመር ላይ፣ ከካቸሩ ጀርባ አጎንብሶ ነው የሚቆመው። ወርዋሪው ከ18.44 ሜትር ርቀት ይወረውራል። ኳሷ ከ142 እስከ 149 ግራም ትመዝናለች፣ ጠንካራ ነች። በሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ) ፋስትቦል፣ ማለትም በፍጥነት የሚወረወረው ኳስ፣ በአማካይ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ እኔ የምዳኛቸው ልጆች ጎበዞቹ ወደ 130 ይደርሳሉ። ባተሩ ደህና አድርጎ ከመታት ወደ ፊት ትሄዳለች፤ ካልነካት ካቸሩ ይይዛታል። ችግሩ ጫፏን ሲነካት ነው። አቅጣጫ ስትቀይር ለማየትም ለመሸሽም ጊዜ የለም፤ ፊትህ ላይ ካረፈች በኋላ ነው የምታውቀው። ስለዚህ ማስክ፣ የደረት መከላከያ፣ የቅልጥም መከላከያ፣ ጣት ላይ ብረት ያለው ጫማ እንለብሳለን። ማልያ ብቻ ቢሆን ኖሮ የማንንም ስም ጽፈው ቢሰጡኝ እለብሰው ነበር።

ፒያሳ_ልጅ

አሁን ገባኝ። እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ጭንቅላት ላይ ቀልድ የለም።

ኬ_ስትሪት

እኔ ዲሲ ውስጥ በስፖርት ማስታወቂያ ስራ ላይ ነኝ። ዳኛ አይደለሁም፤ ከሌላኛው የጠረጴዛ ወገን ያለውን ላስረዳችሁ ብዬ ነው።

ስፖንሰር የሚገዛው ዓይን ነው። ሐምሌ 2021 በኦልስታር (በምርጥ ተጫዋቾች) ጨዋታ የሜጀር ሊግ አምፓየሮች ደረታቸው ላይ የክሪፕቶ ገንዘብ መገበያያ ኩባንያውን የኤፍ ቲ ኤክስን ምልክት ሰፍተው ወጡ፤ የሊጉ የመጀመሪያው የአምፓየር ልብስ ስፖንሰር ነበር። ለምን አምፓየር ተመረጠ? ወርዋሪው ሲወረውር ካሜራው ከኋላው ሆኖ ወደ ሆም ፕሌት (ባተሩ ወደሚቆምበት ቦታ) ነው የሚያየው፤ በእያንዳንዱ ውርወራ አምፓየሩ ስክሪኑ መሃል ነው። ከዚያ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ምልክቱ እስከ 2022ቱ ወርልድ ሲሪስ (የሊጉ የፍጻሜ ግጥሚያ) ድረስ ልብሱ ላይ ነበር፤ ውድድሩ ባለቀ በሳምንቱ፣ ኖቬምበር 11 ቀን፣ ኩባንያው የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች ዳኛው ደረት ላይ ያዩትን ስም አስታወሱ። ዳኛውን ግን ማን ጠየቀው?

ሆኖም ልብ በሉ፤ ያ ምልክት በመቀስ ተነስቷል። ሸሚዙ እንደ ድሮው ሸሚዝ ነው። ውሉ ማስክ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ኩባንያው በፈረሰ ማግስት ፓድ የሚተካ፣ የተሰበረ ስፕሪንግ የሚጠግን አይኖርም ነበር። ለልብስና ለመከላከያ አንድ ዓይነት ውል መጻፍ ስህተት ነው የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ምክር ልስጥህ። ደብዳቤውን ትተህ ውሉን ራሱን ጠይቅ። በስራዬ ብዙ ጊዜ ያየሁት፣ ስፖንሰሩ የጠየቀውና ማህበሩ ለአባላቱ የጻፈው አንድ አይደለም። ስፖንሰር በአብዛኛው የሚፈራው የተፎካካሪ ምልክት በፎቶ እንዳይወጣ ነው። ደብዳቤ የጻፈው ሰው ደግሞ ቀላሉን መንገድ ይመርጥና «ሁሉም የነሱ ይሁን» ብሎ ይጨርሰዋል።

ዴራ_ዱባይ

ኬ_ስትሪት ያልከው ልክ ነው። እዚህ ዱባይ የኤምሬትስ አየር መንገድ ስም ከ2024 ጀምሮ በኤንቢኤ ዳኞች ልብስ ላይ አለ። ከስራ በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስናይ «የኛ አየር መንገድ» እያሉ የሚደሰቱ ብዙ ናቸው። ግን የቅርጫት ኳስ ዳኛ ከፊሽካ ሌላ ምን ይይዛል? ምልክቱ ማንንም አይጎዳም። የናንተ ግን ሌላ ነገር ነው።

ዳላስ_ሒሳብ

ሁላችሁም ስፖንሰሩን ወቀሳችሁት፤ እኔ የተለየ ነገር አለኝ። የአንድ ማህበር ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ እኔም እዳኛለሁ።

አዲስ ዳኛ ማግኘት ምን ያህል እንደከበደ ታውቃላችሁ? አንድ የ18 ዓመት ልጅ ሊጀምር ሲመጣ ማስክ፣ የደረት፣ የቅልጥም፣ ጫማ፣ ሁለት ሱሪ፣ ሁለት ቀለም ሸሚዝ፣ ኮፍያ፣ የኳስ ቦርሳ፣ የውርወራ መቁጠሪያና ብሩሽ ያስፈልገዋል። ብዙ መቶ ዶላር ነው። ገና አንድ ጨዋታ ሳይዳኝ! ባለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት የሀበሻ ልጆች በኛ በኩል የጀመሩት ስፖንሰሩ ሙሉ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ስለሰጠ ነው። አንደኛው አሁን የኮሌጅ ጨዋታ ላይ ይረዳል። ያ ውል ባይኖር እናቱ በኡበር ከምታገኘው ላይ ማስክ ልትገዛለት ነበር።

ደግሞ አንድ ዓይነት ልብስ ማለት ክብር ነው። ሦስት ዳኛ በሦስት ዓይነት ሰማያዊ ሲወጣ አሰልጣኙ ገና ከመጀመሪያው ይንቃቸዋል። ይሄን ሜዳ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

በአንድ ኩባንያ መወሰን በራሱ መጥፎ ነው የሚለውንም አልቀበልም። የሜጀር ሊግ ባተሮች ሄልሜት የሮውሊንግስ ብቻ ነው። በ2013 ሁሉም በሰዓት 100 ማይል የሚመጣ ኳስ እንዲቋቋም ወደተሰራው ሄልሜት እንዲቀይሩ ሲደረግ፣ ትልቅ ነው፣ ያስቀይማል ያሉ ነበሩ። ዛሬ ማን ያነሳዋል? አንድ አቅራቢ መሆኑ ለውጡን አፈጠነው እንጂ አልጎዳም።

አትላንታ_ነባር

ዳላስ፣ ስለ ወጣቶቹ ያልከው ልቤን ነክቶታል፤ እኔም አሮጌ ዕቃዬን ለሁለት ልጆች ሰጥቻለሁ። የሄልሜቱ ምሳሌህ ግን ለኔ ነው የሚመሰክርልኝ። እዚያ መጀመሪያ የመጣው መለኪያው ነው፦ ይሄን ፍጥነት ይቋቋም ተባለ፣ ከዚያ ኩባንያው ሰራ። የኛ ማህበራት ጋ መለኪያ የለም፣ የመጣው ስም ብቻ ነው።

ከጥር 2020 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨዋታ ካቸሩ የሚለብሰው የደረት መከላከያ የኖክሴን (ለስፖርት መከላከያ ዕቃ መለኪያ የሚያወጣ የአሜሪካ ድርጅት) መለኪያ ማሟላት አለበት፤ ኳስ ደረት ላይ ሲመታ ልብ ድንገት እንዳይቆም ተብሎ የወጣ መለኪያ ነው። ካቸሩ ልጅ ነውና ይገባዋል። ከሱ ጀርባ አንድ ክንድ ርቀት ላይ የቆመው ዳኛ ግን ያ ደንብ አይመለከተውም። የፈለገውን ይለብሳል። እንግዲህ ደንቡ ዝም ያለበት ቦታ ላይ የሚናገረው የስፖንሰር ውል ከሆነ፣ ስለ ደህንነቱ የተናገረ ማንም የለም ማለት ነው።

ሌላም አለ። የ2024ቱን የሜጀር ሊግ ተጫዋቾች የናይኪ ሱሪ ታስታውሳላችሁ? ሳስቷል፣ ሱሪው ውስጥ የገባው ሸሚዝ ይታያል ብለው ተጫዋቾቹ ጮኹ፣ ማህበራቸው ገባበት፣ ለ2025 ተስተካከለ። የሜጀር ሊግ አምፓየሮችም 76 ሆነው የሰራተኛ ማህበር አላቸው። የአሌክሳንድሪያው ወንድማችን በአንድ ጨዋታ ስንት እንደሚከፈለው ሁላችንም እናውቃለን፤ ከኋላው ማንም የለም። ለዚህ ነው ብቻውን እዚህ መጥቶ የጠየቀው።

ነርስ_ሚኒያፖሊስ

ወንድሜ ሆምፕሌት፣ የዛሬ 4 ዓመት የጻፍከውን ሳነብ ደነገጥኩ። ቁልፉ የት እንደሚሰካ መጥፋቱ፣ ብርሃን ማስጠላቱ፣ የድምጽ መረበሽ፣ እነዚህ የአንጎል መናወጥ ምልክቶች ናቸው። ያን ቀን መኪና መንዳት አልነበረብህም። እባክህ ከዚህ በኋላ ተመትተህ ግራ ከተጋባህ ጨዋታውን እዚያው አቁም፣ ሰው ቤትህ ያድርስህ፣ ሐኪም ይይህ። አንዴ የተናወጠ ሰው ሳይሽርለት ድጋሚ ሲመታ የበለጠ ይጎዳል።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ካል ድረመንድ የሚባል የአሜሪካን ሊግ አምፓየር በ1969 ባልቲሞር ላይ ፋውል ኳስ ማስኩን መታው። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ወደ ስራ ሊመለስ በታችኛው ሊግ ጨዋታ እየዳኘ ሳለ ታሞ አረፈ። በ2008 ደግሞ ከርዊን ዳንሊ ሎስ አንጀለስ ላይ አገጩን ተመትቶ በቃሬዛ ነው የወጣው። ሁለቱም ማስክ ለብሰው ነበር።

ስለዚህ ልጠንቀቅ፦ ባለ ስፕሪንጉም ቢሆን የአንጎል መናወጥን ፈጽሞ የሚከለክል ማስክ የለም። ማስክ የሚያደርገው የምቱን ጉልበት በጊዜና በቦታ መበተን ነው። ቀላል ማስክ አንገት አያደክምም፣ ግን ኳሱ ሲመታው በቀላሉ ይገፋል፤ ከበድ ያለው ያደክማል፣ ግን እሱ ራሱ ከምቱ የተወሰነውን ይይዛል። ምርጫው እንደ ሰውየው አንገት፣ እንደ ፊቱ ቅርጽ፣ ከዚህ በፊት እንደደረሰበት ጉዳት ይለያያል። ጆሮ ግንድህ አካባቢ ክፍተት አለ ያልከው ለኔ ከብራንዱ ይልቅ ዋናው ነገር እሱ ነው። ከፊት ጋር ያልገጠመ ማስክ ሲመታ ይንሸራተትና ምቱ አንድ ነጥብ ላይ ይወድቃል። ታሪክህን የሚያውቅ ሐኪምህ አንድ ገጽ ደብዳቤ ቢጽፍልህ ማህበሩ ችላ ሊለው አይችልም።

ሰማያዊ_ሸሚዝ

እኔ ሲያትል አካባቢ ሶፍትቦልም ቤዝቦልም እዳኛለሁ፣ ሴት ነኝ። ማንም ያላነሳውን ላንሳ።

እኔ የነበርኩበት ማህበር ተመሳሳይ ውል ሲፈርም ልኬት አልጠየቀንም። የመጣው ሸሚዝ ሁሉ በወንድ ልክ ነው፤ ትከሻው ወርዶ ክርኔ ጋ ይደርሳል። የደረት መከላከያው ጠፍጣፋ ነው፤ ስለብሰው መሃሉ ተነስቶ አንገቴ ስር ይከፈታል። የቅልጥም መከላከያ በኢንች ነው የሚሸጠው፤ የኔ ልክ ከነሱ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ የሚቀጥለው ደግሞ ጉልበቴን አልፎ ስቀመጥ ወደ ላይ ይገፋል። ጉልበቱ በተገፋ ቁጥር አቋቋሜ ይቀየራል፣ አቋቋሜ ሲቀየር የታችኛው ስትራይክ ይጠፋብኛል። አትላንታ_ነባር ስለ ድሮው ትልቅ መከላከያ የጻፉትን ሳነብ እንባዬ ነው የመጣው፤ ዕቃ ዳኝነትን እንደሚቀይር ለሁለት ዓመት ሳስረዳ የሰማኝ የለም።

መፍትሔዬ ምን ነበር? ከሸሚዝ ስር ያለውን ለራሴ ገዛሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ያኔ የገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ ስፖንሰሩ ከሸሚዝ ስር ያለው ግድ አይሰጠውም፣ ምክንያቱም አይታይም። ልብህን የሚጠብቀው ዕቃ ከውሉ ነጻ ነው። ኮፍያው በውሉ ቢታሰርም ማንንም አይጎዳም። ፎቶ የሚነሳውም ኳስ የሚመታውም አንድ ላይ የሆነበት ቦታ ማስኩ ነው፤ የጫማው ጫፍም እንዲሁ። ጸቡ ሁሉ እዚያ ያረፈው ለዚህ ነው።

ኦገስት 9 ቀን 2025 አትላንታ ላይ ጄን ፓወል የመጀመሪያዋ ሴት የሜጀር ሊግ አምፓየር ሆና ስትወጣ ከልጄ ጋር ቆመን አየን። ልጄ 12 ዓመቷ ነው። «የኔም ልክ ይኖራል?» ነው ያለችኝ። ዳላስ_ሒሳብ፣ ለሚቀጥለው ውላችሁ ይሄን ጥያቄ ያዝልኝ።

ዳላስ_ሒሳብ

እህቴ፣ እይዘዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ውላችን ውስጥ ስለ ልኬት አንድ መስመር የለም። ሰኞ ስብሰባ አለን፣ አነሳዋለሁ። ስለ ማስኩም ሐሳቤን አሻሽያለሁ፤ ቅናሹ ይቅረብ፣ ግዴታው ይውጣ። የሚፈልግ ወጣት በግማሽ ዋጋ ይግዛ፣ የራሱ ያለው በራሱ ይስራ።

ሆምፕሌት_አሌክሳንድሪያ (ከ11 ቀን በኋላ)

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

ኬ_ስትሪት እንዳልከኝ ውሉን ጠየቅኩ። መጀመሪያ «ለአባላት አይሰጥም» አሉኝ። ሁለት ጊዜ በኢሜይል፣ አንድ ጊዜ በአካል ሄድኩ፤ በመጨረሻ ጸሐፊው ቢሮ ቁጭ ብዬ እንዳነብ ተፈቀደልኝ። ስለ ዕቃ ያለው አንድ አንቀጽ ነው። የሸሚዝ፣ የኮፍያና የጃኬት ግዴታ አለ። ስለ ማስክና ስለ ጫማ የሚለው ግን «የሌላ አምራች ምልክት በግልጽ እንዳይታይ» ነው። የስፖንሰሩን ማስክ ልበሱ የሚል ቃል የለበትም! ደብዳቤው ውሉ ካለው በላይ ሄዶ ነበር። ጸሐፊው ራሱ አንብቦት ዝም አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ውሉ እንዳይሰረዝ ፈርቶ ነው ያጠበቀው።

የነርሷን ምክር ሰምቼ ሐኪሜ ጋ ሄድኩ፣ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ከእኔ ሌላ አራት ዳኞች አብረውኝ ፈረሙ፤ አንደኛው የ61 ዓመት ሰው ነው፣ ጫማ አልገጥም ብሎት ለማቆም አስቦ ነበር። ማክሰኞ ቦርዱ አዲስ ማስታወቂያ አወጣ፦ ማስክ፣ ጫማና ከልብስ ስር የሚደረግ ሁሉ የዳኛው ምርጫ ነው፣ የሚታይ ምልክት በጥቁር ይሸፈን። የስፖንሰሩ ማስክ በቅናሽ ለሚፈልግ ይቀርባል።

ቅዳሜ በአዲሱ ሸሚዝ ወጣሁ። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ከድሮው ይልቅ ላብ ቶሎ ያደርቃል፣ ይሄን መመስከር አለብኝ። ማስኬ ላይ ግንባሩ ጋ ያለውን ስም በጥቁር ቴፕ ሸፈንኩት። በሁለተኛው ኢኒንግ (ዙር) አንድ ፋውል ቲፕ ሽቦውን ከግራ በኩል መታው። ማስኩን አወለቅኩ፣ ራሴን አዳመጥኩ፣ የውርወራ ቆጠራውን ለካቸሩ ነገርኩት፤ ልክ ነበር። ቀጠልን።

አንድ ችግር ብቻ አለ። በአምስተኛው ኢኒንግ ላቤ ወርዶ ቴፑ ጠርዙ ተላቀቀ። በየእረፍቱ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩት ነው የጨረስኩት። የተሻለ የምታውቁት አለ?

አትላንታ_ነባር

እሰይ! የጨርቅ ቴፕ ነው ያደረግከው፣ እሱ ላብ አይችልም። ኤሌክትሪክ ሰራተኞች የሚጠቀሙበትን ጥቁር የፕላስቲክ ቴፕ ግዛ። ከመለጠፍህ በፊት ቦታውን በአልኮል ጥረገው፣ በደንብ ይድረቅ። ስትለጥፈው አትወጥረው፤ የተወጠረ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰበሰባል። ጠርዙን በመቀስ ክብ አድርገህ ቁረጥ፣ ማዕዘን ካለው ከማዕዘኑ ነው የሚነሳው። እኔ እንደዚያ ያደረግኩት ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ቆይቶልኛል።

ሰማያዊ_ሸሚዝ

ጫማው ላይ ላለው ምልክት ደግሞ ቴፕ አይሁን፣ አቧራ ይገባበታል። ጥቁር የቆዳ ቀለም በትንሽ ብሩሽ ሁለት ጊዜ ቀባው፤ የመጀመሪያው ሌሊቱን ይደር።